ለመሻገሪያ ተጋባን

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ለትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ሠላሳ ሁለት ኮሌታ ቆረጥኩ። ሰማንያ ስምንት ይቀራል። ጉልበቴ ዛሬ ሰላም ሰጥቶኛል... እንዳላወራበት።

ከሰዓት በኋላ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ፣ አንዱ መሰላል አንዱ መዶሻ ይዘው። አዲስ የቤት ቁጥር ሊመቱ። ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ ነጭ ቁጥር፣ 2207። ያምራል፣ ምን ይወጣለታል።

"የኔ ነው የማዶ?" አልኳቸው።

"የሁለታችሁም።"

"እንዴት የሁለታችንም? እኛ 114 ሀ እና 114 ለ ነን። ሁለት ቤት ነን።"

"አዲሱ ሲስተም ፊደል አይቀበልም እናቴ። ቁጥር ብቻ ነው።"

መሃል ላይ፣ በሁለቱ በሮች መካከል መትተውት ሄዱ። ማዶ በመስኮቱ አየ። ምንም አላለም። መቼ ብሎ ያውቃል?

ማዶ የምለው የልጄን አባት ነው። ስሙን ከጠራሁት ዘጠኝ ዓመቴ። ስንፋታ ፍርድ ቤት ቤቱን ለሁለት ከፈለው፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ ቆመ፣ እኔ በግራ እሱ በቀኝ። እዚህ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እዚያ እሱ ሬዲዮ ይጠግናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሬዲዮዎቹን ድምፅ ሁሉ ሰምቻለሁ። የሱን አልሰማሁም።

ሰኔ 12

ቆርቆሮው ጠማማ ነው። ማንም አላቃናውም። እኔም አላቃናም፣ የኔ ብቻ አይደለማ።

ሰኔ 19

ጠዋት ቤቱ ሲንቀጠቀጥ የምድር መንቀጥቀጥ መስሎኝ መቀሴን ይዤ ወጣሁ። ለምን መቀስ እንደያዝኩ እንጃ። መቆፈሪያ ማሽን ነው። የጎርፍ ቦይ ሊሠራ፣ በየቤቱ ግድግዳ ሥር ሥሩን። ጥልቀቱ እስከ ደረቴ፣ ስፋቱ ለሚዘል ሰው ብዙ አይደለም... ለኔ ጉልበት ግን ባሕር ነው።

ኢንጂነሩ ደግ ልጅ ይመስላል። "አይስጉ" አለኝ። "ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ የኮንክሪት መሻገሪያ ይቀመጥለታል።"

ለእያንዳንዱ ቁጥር... ያኔ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ሳንቃ ዘርግቼ ወጣሁ፣ ገባሁ።

ሰኔ 23

ሳንቃዬን ደንብ አስከባሪ ወሰደው። "ያልተፈቀደ ድልድይ ነው" አለ።

"ሳንቃ ነው እኮ ልጄ!"

"ዕቃው ሳንቃ ነው። አገልግሎቱ ድልድይ ነው።"

ደረሰኝ ሰጠኝ። "አንድ ድልድይ፣ ከእንጨት የተሠራ" ይላል። በሕይወቴ ድልድይ የነበረኝ መሆኑን በዚህ አወቅኩ።

ሰኔ 27

መሻገሪያው መጣ። አራት ሰው ተሸክሞ አስቀመጠው። የት? ቆርቆሮው ከተመታበት ሥር፣ መሃል ላይ። ፊት ለፊቱ ግድግዳ!

"ኢንጂነር፣ ይሄ ወዴት ነው የሚያሻግረው?"

"ወደ ቤትዎ።"

"የቤቴ በር እዚያ ነው። ይሄ ግድግዳ ነው።"

ሜትሩን ዘረጋ። ከኔ በር ሁለት ሜትር ከሠላሳ። ከማዶ በር ሁለት ሜትር ከሠላሳ። "ለማንም አላደላንም" አለ። ኩራቱ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ምን ትለዋለህ?

በቦዩና በግድግዳው መካከል አንድ ጫማ የምታህል ጠርዝ ተርፋለች። ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ወደ ጎን መሳብ ነው። እኔ ወደ ግራ፣ ማዶ ወደ ቀኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሸርጣን ሆንኩ።

ሰኔ 29

ዩኒፎርሙን ያዘዘችኝ ርዕሰ መምህር መጣች፣ የራሷን ቀሚስ ልትለካ። ጠርዟን አየቻትና አንገቷን ነቀነቀች። ወፍራም ሴት ናት፣ አልፈርድባትም። ሜትሬን ወረወርኩላት። መንገድ ላይ ቆማ ወገቧን ራሷ ለካችና ቁጥሩን ጮኻ ነገረችኝ።

አልዋጥልህ አለኝ። "እስቲ ይድገሙት!" ብዬ ጮኽኩ።

ደገመችው። አሁንም አልሆነም። "አያጥብቁት፣ ላላ ያድርጉት!"

ይሄን ጊዜ የፊት ለፊቷ ባለ ኪዮስክ ወጥታ ትሰማለች፣ ታክሲ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል። ርዕሰ መምህሯ ሜትሬን እንደ እባብ ወረወረችልኝ።

"የልጆቹን ልክ እንዴት ልትወስጂ ነው? መቶ ሃያ ሕፃን በዚህ ገደል ላሳልፍ? እስከ ነሐሴ አጋማሽ መግቢያ ካላበጀሽ ዩኒፎርሙን ለሌላ ሰፊ እሰጣለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ!"

ኮሌታውን ሁሉ ቆርጬ ጨርሻለሁ እኮ። ኮሌታ በሦስት ልክ ይሆናል። ወገብና ቁመት ግን ያለ ልጆቹ እንዴት ይሆናል?

ሐምሌ 2

ዛሬ የሆነውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው...

ጨርቅ ገዝቼ ስመለስ፣ ጥቅሉን ታቅፌ መሻገሪያው ላይ ስወጣ፣ ማዶም በጠርዙ ተስቦ፣ አንድ ትልቅ ሬዲዮ ታቅፎ፣ መሻገሪያው ላይ ወጣ። አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። ቆምኩ። ቆመ። እኔ ልመለስ? ለምን ብዬ! እሱ ይመለስ? ጠርዟ ላይ ሬዲዮ ታቅፎ ወደ ኋላ እንዴት ይሳብ?

ባለ ኪዮስኳ ስትምል፣ አምስት ደቂቃ ቆማችኋል አለች። ዝናብ ጣል ጣል አደረገ። የሬዲዮውን አናት በእጁ ሸፈነ። ጨርቄን ሲያይ ደግሞ... ተጠጋልኝ። ወደ ዳር፣ ግማሽ ጫማው አየር ላይ እስኪሆን ተጠጋ።

"ቅደሚ" አለ።

ድምፁ ሻክሯል። ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ቃል። ቅደሚ።

ቀደምኩ። አመሰግናለሁ አላልኩም። ረስቼ ነው ወይስ ሆን ብዬ? አላውቅም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ምክር ቤት ዋልኩ። አቤቱታዬ በ"ልዩ ልዩ" ሥር ነው፣ መጨረሻ ላይ። ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ።

መጀመሪያ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ። አንዱ አባል ተነሥቶ፣ ባለፈው ሳልኩ እንጂ አልተቃወምኩም፣ ተቃወመ ተብሎ ተይዞብኛል ይታረም አለ። ሌላው፣ እኔ በግልጽ ተቃውሞ ነው የሰማሁት አለ። የመጀመሪያው ሳሉን በድጋሚ ሳለው። በድምፅ ብልጫ ሳል ነው ተባለ። ቀጥሎ የቆሻሻ ገንዳ ቀለም። አረንጓዴ ወይስ ሰማያዊ? አንድ ሰዓት ተኩል። ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኔ ተራ ሲደርስ አስረዳሁ። ቤት ሁለት፣ በር ሁለት፣ መሻገሪያ አንድ፣ እሱም ግድግዳ የሚገጥም። ዞር ስል ማዶ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል! መቼ ገባ?

ሰብሳቢው ላቡን ጠርጎ፣ "መሻገሪያውን ማንሳት ዲዛይን ማበላሸት ነው" አለ። "ይልቅ መሻገሪያው በደረሰበት ቦታ በር ይከፈት።"

"እዚያ ጋ እኮ ከውስጥ ቤቱን የሚከፍለው ግድግዳ አለ ጌታዬ።"

"ግማሹ በር ለእርስዎ፣ ግማሹ ለእሳቸው።"

አንድ አባል አለ፣ ሰው ሁሉ "እደግፋለሁ" ብሎ ነው የሚጠራው። ዓይኑን ሳይገልጥ "እደግፋለሁ" አለ። ሌሎቹም እጃቸውን አወጡ።

ያን ጊዜ ማዶ ተነሣ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ። "በሩን ከፍተን ስንገባ ግድግዳው አፍንጫችንን ይመታናል" አለ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አመለጠኝ።

"አስተያየቱ ተመዝግቧል" አለ ሰብሳቢው። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ሐምሌ 11

ግንበኛ መጥቶ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ሠርቶ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም። እግዜር ይስጠው።

ሐምሌ 14

መዝገብ ቤት። ማዶ ከሰልፉ ውስጥ ከኔ ሁለት ሰው ቀጥሎ ቆሟል። አብረን አልሄድንም፣ ብቻ... አብረን ደረስን።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማስቲካ ታኝካለች፣ ልቧ ግን ጥሩ ነው። "ሁለት ቤተሰብ መሆናችሁን ካረጋገጣችሁ ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር ካላችሁ ሁለት መሻገሪያ" አለችኝ። ፈነጠዝኩ! የፍቺ ወረቀቴን ከላስቲኩ አወጣሁላት። ኮምፒውተሯን ነካካች።

"114 ሀ የሚባል ቤት ከተማው ውስጥ የለም።"

"ነበረ እኮ።"

"የለም እናቴ። ስለዚህ ይሄ ወረቀት የማንም ቤት አይደለም። አዲስ ፍቺ ላስገባላችሁ ብል ደግሞ ሲስተሙ መጀመሪያ ጋብቻ ይጠይቀኛል። የድሮ ጋብቻ አልገባም። እዚህ ላይ እናንተ..." ወደ ስክሪኑ አፈጠጠች፣ "ሁለት ሰዎች፣ አንድ ቤት፣ ዝምድና ያልታወቀ።"

"ታዲያ ምን ይሻለናል?"

"መጋባት።"

"ማን?"

"እናንተ። ጋብቻ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ ትፋታላችሁ።"

ከኋላዬ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ሳልዞር አወቅኩት። ሃያ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ስንቴ ሰምቼዋለሁ? በጣቴ ብቆጥር ጣት ይተርፈኛል።

ሐምሌ 15

ለልጄ ደወልኩ፣ ፋርማሲ ሥራ ላይ ነበረች። ነገርኳት። ከዚያ ስልኩ ወደቀ፣ ስትስቅ ከሩቅ ይሰማኛል፣ ደንበኛ "ምን ሆነሽ ነው?" ይላታል።

"እማ፣ ሚዜሽ እኔ ነኝ! አባን ማን ሚዜ ይሁነው?"

"ምስክር ነው የሚፈለገው፣ ሚዜ አይደለም! አፍሽን ዝጊ!"

ሐምሌ 17

በበሬ ሥር ወረቀት ገባ። "ስለ መሻገሪያው ሲባል ተስማምቻለሁ። ሐሙስ ይመቸኛል።" ከነሙሉ ስሙ ፈርሞበታል። እንዳልረሳው ይሆን?

ሐምሌ 22

ለጋብቻው ፎቶ ያስፈልጋል፣ ሁለታችን በአንድ ላይ። ፎቶ አንሺው "ጠጋ በሉ" አለ። አልተጠጋንም። "እሺ በጣም ትንሽ ጠጋ።" ማዶ አንገቱን ብቻ አዘነበለ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አየሁት... በመካከላችን አንድ ሰው ጥሩ አድርጎ ያስቆማል። ፎቶ አንሺው "የቀረ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀን።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ተጋባን።

የሥራ ቀሚሴን ነው የለበስኩት፣ ትከሻዬ ላይ ክር አለ። እሱ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሷል። ኮሌታውን የገለበጠለት ሰው ሰፊ አይደለም፣ ጠላት ነው። ሥነ ሥርዓቱ ሙሉ ዓይኔ ከዚያ ኮሌታ አልነቀል አለ።

"በፈቃዳችሁ ነው?" አለች ልጅቷ።

"በቦዩ ነው" አልኩ።

"አዎ" ብላ ጻፈች።

ልጄ አበባ ይዛ መጥታ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገባት። ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ሰጠቻት።

"እንግዲህ አሁን መፋታት እንፈልጋለን" አልኩ።

"ሦስት ወር ማለፍ አለበት እናቴ። አስታራቂ ኮሚቴም ፊት ትቀርባላችሁ።"

"ይሄን ያኔ ለምን አልነገርሽንም?"

"የጋብቻ መስኮት ላይ ስለ ፍቺ መናገር ክልክል ነው" ብላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየችኝ። እውነትም ተጽፏል።

ነሐሴ 1

ጠዋት ከደጅ ቱክ ቱክ የሚል ነገር ሰማሁ። ብቅ ስል ማዶ መዶሻ ይዞ ግድግዳው ላይ ችካል እየመታ ነው። ከሱ በር እስከ መሻገሪያው፣ ከመሻገሪያው እስከ... የኔ በር። በችካሎቹ ላይ ወፍራም ሽቦ ወጠረ። መደገፊያ! ጎተተው፣ አልላላም። ሳያየኝ ገባ።

አይቶኛል። አይቶ ነው የገባው።

ነሐሴ 3

ልጆቹ መጡ! በአሥር በአሥር እየሆኑ። ሽቦውን ይዘው እየተንጠላጠሉ ገቡ፣ ለነሱ ጨዋታ ነው፣ አንዳንዱ ተለክቶ ወጥቶ እንደገና ይሰለፋል። ርዕሰ መምህሯ መንገድ ዳር ቆማ ትቆጥራለች። ማዶ መሻገሪያው ላይ ቆሞ እየተቀበለ ያሳልፋል፣ ቀኑን ሙሉ፣ እንደ ምሰሶ።

ያው ደንብ አስከባሪ ደረሰ። "ይሄ ያልተፈቀደ መደገፊያ ነው" አለ።

ማዶ ሽቦውን አየ። ደንብ አስከባሪውን አየ።

"አንቴና ነው" አለው።

ደንብ አስከባሪው የያዘውን መመሪያ ገለበጠ፣ ገለበጠ... አንቴና የሚል የለበትም። ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ።

መቶ ሃያውም ተለኩ። ካወቅኩት ጀምሮ ስለኔ የዋሸልኝ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ዋሸ ይባላል? ሬዲዮ ጠጋኝ ስለሆነ ግማሹ እውነት ነው።

ነሐሴ 6

ምክር ቤት። ኢንጂነሩ የቦዩን ሪፖርት አነበበ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "በተጨማሪም ፕሮጀክቱ ማኅበራዊ ትስስርን ያጠናከረ ሲሆን፣ ለዘጠኝ ዓመታት ተፋተው የነበሩ አንድ ባልና ሚስት በመሻገሪያው ምክንያት ዳግም ትዳር መሥርተዋል።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። "እደግፋለሁ" ተነሥቶ ጭምር አጨበጨበ። ሰብሳቢው በጣቱ አሳየኝ፣ "እነሆ!" አለ።

ቆምኩ። "የተጋባነው ለመፋታት ነው" አልኩ።

"እደግፋለሁ" ተቀመጠ።

"ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ" አለ ሰብሳቢው።

ነሐሴ 12

ሰብሳቢው ራሱ ቤቴ መጣ! ከኢንጂነሩ ጋር፣ አንቴናውን ጨብጠው፣ ሆዳቸውን ስበው። ለምስክርነት ማዶንም ጠሩት። የተቀመጠው በሩ አጠገብ ነው፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እዚህ ክፍል ሲገባ። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፍቶት ጫማውን ሲያይ ቆየ።

"ከበላይ ገምጋሚ ይመጣል፣ መስከረም ላይ" አለ ሰብሳቢው። "እባካችሁ እስከዚያ አትፋቱ። በከተማው አትጨክኑ።"

"እስከዚያማ ብንፈልግም አንችልም" አልኩት። "ሦስት ወሩ መቼ አለቀ?"

"ከዚያም በኋላ ቢሆን... ለምን ትቸኩላላችሁ? ዕድሜ ነው፣ መደጋገፍ ነው።"

ማዶ ቀና አለ። "ሁለተኛ መሻገሪያ አምጡና እንደጋገፋለን።"

"ለአንድ ቤተሰብ ሁለት መሻገሪያ አይፈቀድም" አለ ኢንጂነሩ፣ እጁን ዘርግቶ።

"በቃ እንፋታለን" አልን።

አብረን ነው ያልነው። እኩል። ተያየን።

ሲወጡ የኢንጂነሩ አንድ ጫማ ቦዩ ውስጥ ገባ። ማዶ በአንቴና ዘንግ አወጣለት።

መስከረም 9

ገምጋሚዎቹ መጡ። መንገዱ ዳር ተደርድረው እንደ አራዊት ጎበኙን። አንዷ ማስታወሻ ይዛ፣ "ደስተኞች ናችሁ?" ብላ ጮኸች። ማዶ ወደኔ ዞረ። "ምን እንበላት?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "መሻገሪያ ሲጨመር እንነግርሻለን በላት" አልኩት። አላላትም። ራሱን ነቀነቀላት፣ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች እንጃ።

ዩኒፎርሙን አስረክቤ ጨርሻለሁ። እፎይ።

ጥቅምት 5

አስታራቂ ኮሚቴ።

ሦስት ሽማግሎች ናቸው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያንቀላፋል፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ጆሯቸው አይሰማም። ቅጹ ላይ የፍቺ ምክንያት አለ፦ መደባደብ፣ ክህደት፣ ጥሎ መጥፋት፣ ሌላ። መሻገሪያ የሚል የለም።

"የመጀመሪያው ጊዜ ለምን ተፋታችሁ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

ይሄን አልጠበቅኩም። ማዶም አልጠበቀም።

"ዝምታ" አልኩ።

እንዴት ይነገራል? ያኮርፍ ነበር። አንድ ጊዜ የሬዲዮ መበየጃ ካውያውን ከቦታው አነሣሁ ብሎ አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን። ቆጥሬዋለሁ። ቤቱ ሙሉ ሬዲዮ ያወራል፣ ዜና ይነግረኛል፣ ዘፈን ይዘፍንልኛል፣ እሱ ግን ጨው አቀብዪኝ አይለኝም። ስታመም ዝም፣ እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን አልቅሶልኝ ከዚያ ዝም። ሰው ከደበደበህ ጎረቤት ይሰማል። ዝም ካለህ ማን ይሰማልሃል? ይሄን ሁሉ አላልኳቸውም። "ዝምታ" ነው ያልኩት።

"ምን አለች?" አሉ ሊቀመንበሩ ወደ ማዶ ዞረው።

"ዝም እላት ነበር" አለ።

"እ?"

"ዝም እላት ነበር!"

"አይሰማኝም፣ ጮክ በል!"

ማዶ ተነሣ። ይሄ ሰው ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። "ዝም! እላት! ነበር!"

"ለምን?"

"አኮርፍና... መመለሻው ይጠፋኝ ነበር!"

"ምን ጠፋህ?"

"መመለሻው! አንድ ቀን ካለፈ ሁለተኛው ቀን ይከብደኛል! ሦስተኛው ይብሳል! ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅበትም! ሌሊት እለማመደዋለሁ፣ ጠዋት አፌ አይከፈትም! እሷ ምንም አላጠፋችም! ጥፋቱ የኔ ነው!"

የሚያንቀላፉት ነቁ። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጓል። ማዶ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ቆሟል።

"እህ" አሉ ሊቀመንበሩ። "አሁን ተሰማኝ።"

ጸሐፊው "ሌላ" ከሚለው ሥር "ዝምታ" ብለው ጻፉ። ለቃሏ የተተወው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ በቃት።

ስንወጣ ለየብቻ ሄድን። እግሬ መንገዱን እንዴት እንዳገኘው...

ጥቅምት 6

እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ። ፈታሁ። እንደገና ገልብጬ ገጠምኩ።

ያኔ ቢለኝ ኖሮ? እቆይ ነበር? እንጃ። ያንን ቃል ስጠብቅ ነበር ልበል? አልጠበቅኩም፣ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቷል። ግን ሲመጣ ቦታውን ባዶ ሆኖ አገኘው።

ልጄ መጣች፣ ሰምታለች። ኮሪደሩ ላይ ማን እንደነበር እንጃ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። "እማ፣ ታዲያ ፍቺውን ተዉታ..."

"አይ ልጄ።"

"ይቅር አላልሽውም?"

"ይቅርማ ብዬዋለሁ። ሲጮህ ሁለተኛው 'ዝም' ላይ እንደደረሰ ብዬዋለሁ። ግን ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። መስኮቴን፣ ማሽኔን፣ የራሴን በር። በሩን እንዳልወደው ያደረገኝ ቦዩ ነው እንጂ እሱ አይደለም።"

አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። እኔም እንደዚያው።

ጥቅምት 14

ግድግዳው ተንኳኳ። ማሽኔን አቆምኩ።

"ሬዲዮውን ልቀንሰው?" አለ ከወዲያ።

"ተወው፣ ዜናውን እየሰማሁ ነው" አልኩ።

"እሺ።"

ጥቅምት 25

ተፋታን። ሰብሳቢው የመዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ሲለምነን ነበር። በሪፖርቱ ላይ "እስከ ጥቅምት ድረስ" የሚል እንዲጨመር ወስኗል፣ ሌላ ምን ያድርግ።

ልጅቷ ቁልፏን ተጫነች። ለማዶ 2207 ቀረለት። ለኔ ከከተማው የመጨረሻው ቁጥር ተሰጠኝ፣ 3961። ጎረቤቶቼ 2206 እና 2207 ናቸው። ፖስተኛው ምን እንደሚያደርግ እግዜር ይወቅ።

"እርግጠኛ ናችሁ ግን?" አለች ልጅቷ፣ ማስቲካዋን አቁማ።

"እርግጠኛ ነን" አለ ማዶ። "በሰላም ነው።"

ኅዳር 11

መሻገሪያዬ መጣ! ስምንት ሰው ተሸክሞ አመጣው፣ አሮጌውንም ወደ ማዶ በር አዛወሩት። ኢንጂነሩ ሜትሩን ዘርግቶ ከበሬ ጋር እኩል መሆኑን አሳየኝ። ፈረምኩለት። ከዚያ ያለ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተሻገርኩ፣ ሄጄ ተመለስኩ፣ ሄጄ ተመለስኩ። ጉልበቴ ምንም አላለኝም። ባለ ኪዮስኳ አጨበጨበችልኝ።

ሠራተኞቹ ሄዱ። ማዶ በሱ መሻገሪያ ላይ ወጥቶ ረገጥ ረገጥ አደረገው። እኔ በሬ ላይ ነኝ። በመካከላችን አራት እርምጃ፣ ከእንግዲህ የምንገፋፋበት፣ የምንጠባበቅበት ምንም ነገር የለም። መዝገብ ቤት ሰልፍ የለ፣ ኮሚቴ የለ፣ የሚለካ ልጅ የለ። ሁሉም አለቀ። ሽቦውን ሊፈታው ነካ አደረገና ተወው።

"እንግዲህ..." አለ።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዝምታው ተመለሰበት ብዬ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ከናፍሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ እየተለማመደ ነው። ልረዳው አሰብኩና ተውኩት። ይፈልገው ራሱ ብዬ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ጠበቅኩ።

"ደህና እደሪ" አለ።

ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ሰዓቱ ስድስት ከሩብ።

"ደህና እደር" አልኩት።